የካካር አንድ ቀንድ

ባለ አንድ ቀንዱን እንስሳ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ውኃ አጠጥቼዋለሁ፣ ከጆሮው ሥር አክኬለታለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ የቀሚሴን ጫፍ አላምጦ በልቶብኛል። ዛሬ የከብት ሐኪም ሆኜ የመድኃኒት ሳጥኔን ተሸክሜ በየመንደሩ ስዞር ይህን ለልጆች እነግራቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ልክ ናቸው፤ ግን እነሱ ካካርን አላዩትም።

ጣራችን ላይ ሲወጡ የጥንቷ ከተማ የሞሄንጆ ዳሮ ፍርስራሽ ያለበት ጉብታ ፊት ለፊት ይታያል። አያቴ በየማለዳው ወደዚያ ይሄድና መግቢያው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ጨርቁን ዘርግቶ ይቀመጣል። ከመሬት ተቆፍረው የወጡትን የጥንት ማኅተሞች እያስመሰለ ከለስላሳ ድንጋይ ቀርጾ ይሸጣል። አራት ማዕዘን ናቸው፤ ከክብሪት ሳጥን ያንሳሉ፤ ጀርባቸው ላይ ክር ማስገቢያ ቀዳዳ አላቸው። ዝሆን ይቀርጻል፣ ነብር ይቀርጻል። አብዝቶ የሚቀርጸው ግን ባለ አንድ ቀንዱን ነው፤ የጉብታው ሰዎችም በዘመናቸው አብዝተው የቀረጹት እሱን ነበርና። ሰውነቱ የወይፈን ነው፣ አንገቱ ረጅም፣ ከግንባሩ ወደ ላይ ቆልመም ብሎ የወጣ አንድ ቀንድ አለው። ከፊቱ ሁልጊዜ በቀጭን ዘንግ ላይ የተቀመጠ ጽዋ መሰል ነገር ይቆማል። ያ ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዱ ግርግም ነው ይላል፣ አንዱ የመብራት ማስቀመጫ።

አንድ ቀን ተማሪዎቹን ይዞ ከላርካና የመጣ አስተማሪ ማኅተሙን እያገላበጠ፣ «ሁለት ቀንድ ነው ያለው፤ ከጎን ስለተሳለ አንዱ ከሌላው ኋላ ተደብቆ ነው» ሲል ሰማሁ።

«ሊሆን ይችላል፣ ሳይን» አለ አያቴ በአክብሮት።

አስተማሪው ፈቀቅ ሲል ወደ አያቴ ጆሮ ተጠግቼ፣ «ዳዶ፣ እውነት ተደብቆ ነው?» አልኩት።

«ተደብቆም ከሆነ ምክንያት አለው፣ ሳባይ። ቀንድ ያለ ምክንያት አይደበቅም።»

ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ካካር በእኛ ቋንቋ ደመና ማለት ነው። ወይፈናችንን እንዲህ ያልነው በመልኩ ነው፤ ዝናብ እንዳዘለ ሰማይ ግራጫ ነበር። እናቱ በወለደችው ሰሞን እባብ ነድፏት ስትሞት፣ የአባቴ እህት ፑፒ ዘይቡ ጨርቅ ወተት ውስጥ እየነከረች እያጠባች አሳደገችው። ፑፒ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ልጅ ያልነበራት ሴት ናት። ካካር ትልቅ ከሆነ በኋላም ስትጠራው እንደ ጥጃ እየዘለለ ይመጣል፤ ያን ሁሉ ሥጋ ይዞ ሲዘል ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። አባቴና እናቴ ካራቺ ይሠሩ ስለነበር እኔንም ያሳደገችኝ እሷው ናት። ስለዚህ ካካርና እኔ ወንድምና እህት ነን ብዬ አምን ነበር። ፑፒም፣ «ሁለታችሁም የሚሰማ ጆሮ አልፈጠረባችሁም» እያለች ታረጋግጥልኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው በቻቾ ባቻል አፍ ነው። ቻቾ ባቻል የአያቴ ታላቅ ልጅ፣ የእኔ አጎት፣ ድምፁ ከሰውነቱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ጢሙን በሰናፍጭ ዘይት የሚያሽ፣ እጁ የማይሰስት ሰው ነበር፤ ብቻ የሚያሞግሰው ካላገኘ የበላው አይረጋለትም። አረፋ ሲቃረብ ወንዶቹ በሚሰበሰቡበት የእንግዳ ቤት ጎረቤታችን ኻሚሶ ነካካው። እኔ ሻይ ይዤ ገብቼ ነበር።

«ባቻል፣ ዘንድሮም ያምናዋን ፍየል እህት ልታርድ ነው?» አለ ኻሚሶ። «ያምናው ድርሻዬ ጥርሴ ውስጥ ገብቶ እስካሁን እየፈለግሁት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቻቾ ባቻል ጥምጣሙን አስተካከለ።

«ዘንድሮ ካካርን ነው የማርደው! ሰምታችኋል? ካካርን! ከዚህ እስከ ወንዙ ድረስ ሥጋ ያልደረሰው ሰው ካለ መጥቶ ጢሜን ይንጭ!»

ሁሉም ጮኹ፤ አጨበጨቡ። እኔም የካካር ስም ሲጠራ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። የተባለው ነገር የገባኝ ባዶውን ትሪ ይዤ ግቢው መሃል ስደርስ ነው።

በማግስቱ ፑፒና ዳዶ ከውኃ መሳቢያው አጠገብ ቆመው ሲነጋገሩ ደረስኩ። ፑፒ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍናለች።

«ባባ፣ ወይፈኑ ያንተ አይደል እንዴ? እምቢ በለው።»

«ቃሉን የሰጠው በሰው ፊት ነው። አሁን እምቢ ብል የልጄን ጥምጣም በገዛ እጄ አውልቄ መሬት ጣልኩት ማለት ነው። ከእንግዲህ ይህን የሚያስቀር ሃይማኖት ብቻ ነው።»

«ሃይማኖቱስ ምን ይላል?»

ዳዶ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። «ዕውር አይሆንም። አንካሳ አይሆንም። አጥንቱ የቀረ ከሲታ አይሆንም። ደግሞም...» እጁ አየር ላይ ቀረ። እያየኋት ፑፒ ሻሿን ከፊቷ ገለጠች።

«ቀጥል እንጂ፣ ባባ። ደግሞም ምን?»

ያን ጊዜ አየኝ። «አንቺ ሰላይ! ዶሮዎቹን ማን ያስገባቸው?»

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ፑፒን ሊድሯት ነው። ዕውር አይሆንም፣ አንካሳ አይሆንም፣ ከሲታ አይሆንም እያሉ ባል ያማርጡላታል። ካካር ሊታረድ እነሱ ሰርግ ያወራሉ! እንባዬ በንዴት ደረቀ። እንግዲያው ካካርን የማድነው እኔ ብቻዬን ነኝ አልኩ።

መንገዱንም አላጣሁትም። የጉብታው ሰዎች ባለ አንድ ቀንዱን ከእንስሳ ሁሉ አስበልጠው ይወዱት ነበር። ስለዚህ ካካር አንድ ቀንድ ብቻ ቢኖረው የእነሱ ይሆናል፤ የሙታንን ንብረት ደግሞ ቻቾ ባቻል እንኳ አይደፍርም። ከዳዶ ጨርቅ ላይ አንዱን ማኅተም አነሳሁ፤ ከመስኖው ዳር እርጥብ ጭቃ ጠፈጠፍኩ፤ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ አተምኩ። ሳነሳው ወለል ብሎ ወጣ፤ አንገቱ፣ ቀንዱ፣ ጽዋው። «አንዱን ቀንድ ደብቁለት» አልኳቸው ሙታኑን። «ምክንያት አለን።» ጭቃውን ፀሐይ ላይ አደረቅሁና ከካካር በረት ደፍ ሥር ቀበርኩት። 

አረፋ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው በአካባቢያችን በሚከበረው የወሊ መቃብር ዓመታዊው ትግል ነበር። መንደሩ በሙሉ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጫነ። ትግል ነፍሱ የሆነው ዳዶ «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ቀረ። ስንወጣ የድንጋይ መጋዙን ሲስል አየሁት።

«ምን ልትቆርጥ ነው?»

«አንድ ትልቅ ድንጋይ አለብኝ።»

ፑፒም ቀረች። የወሊውን መቃብር ከሚጠብቀው ፈቂር አንድ እቅፍ የሐሺሽ ቅጠል አስመጥታ በሙቀጫ ትወቅጥ ነበር። «የሆድ መድኃኒት ነው» አለችኝ። የማን ሆድ እንደታመመ አልጠየቅሁም። ትራክተሩ እየጮኸ ነበራ!

ያን ቀን ያየሁትን ትግል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከበሮው ይደለቃል፣ ታጋዮቹ አንዱ የሌላውን መታጠቂያ ጨብጠው ሲዞሩ አቧራው እስከ ሰማይ ይነሳል፣ አንዱ ሲወድቅ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ያጓራል። ቻቾ ባቻል ትከሻው ላይ አውጥቶኝ፣ በማር የራሰ ጣፋጭ እያጎረሰኝ፣ ላገኘው ሁሉ፣ «አረፋ ቤቴ ና! ካካርን ነው የማርደው!» ይላል። እኔ ደግሞ ከላይ ሆኜ በልቤ፣ ቆይ ብቻ፣ እላለሁ።

ስንመለስ ግቢው የተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር። ዳዶ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሏል። የፑፒ እጆች እስከ ክርኗ በእርድ ቢጫ ሆነዋል። ካካር ግን ሙሽራ ሆኖ ጠበቀን! ጀርባው በሂና አበባ ተስሏል፣ አንገቱ ላይ ዶቃ አለ፣ ጭንቅላቱ ከነቀንዱ በቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞ ሁለት ቦታ ጉብ ጉብ ብሏል። ዓይኖቹ ግማሽ ተከድነው አረንጓዴ ለሃጭ ከአፉ ይንጠባጠባል። ሲያየን አንዴ ወዝወዝ አለና በጉልበቱ ተንበረከከ።

«እህት ማለት ይህች ናት!» አለ ቻቾ ባቻል እጁን ዘርግቶ። «ቀድማ አስጊጣ ጠበቀችኝ! እንስሳው እንኳ ለአላህ መሰጠቱን አውቆ ሲሰግድ አያችሁት?»

ፑፒ ግንባሯን ካካር አንገት ላይ አስደግፋ ታለቅስ ነበር። የምትሰናበተው መሰለኝ። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ሽታው የምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሙታኑ መጥተው ሄደዋል።

ዛሬ ያን ሥራ ማደንዘዣ መርፌና ጉልበት ያላቸው ሰዎች ሳይኖሩኝ አልነካውም። ቀንድ እንጨት አይደለም። ሥሩ ላይ ሲቆረጥ ደም ይፈናጠቃል፤ ደሙን የሚያቆመው የጋለ ብረት ነው፤ የጋለ ብረትም ቀንድ ሲነካ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አንድ ሽማግሌ ድንጋይ መቁረጫ ይዞ፣ አንዲት ሴት በሐሺሽ የሰከረ ወይፈን ጭንቅላት አቅፋ... ካካር እንዴት እንደተረፈ፣ ከእሱ ይልቅ ደግሞ እነሱ እንዴት እንደተረፉ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

በማግስቱ ማለዳ ፑፒ ቀሰቀሰችኝ።

«ሳባይ፣ ተነሺ። ካካርን አጠጪው። ጨርቁንም ፍቺለት፣ ሞቆታል።»

እኔን ለውኃ ልካኝ አታውቅም፤ ባልዲ ሁሌም እደፋለሁ። ያን ቀን ግን ሳልደፋ ደረስኩ። ባልዲውን ከፊቱ ካለው የዛፍ ጉቶ ላይ አስቀምጬ የጨርቁን ቋጠሮ መፍታት ጀመርኩ። ከውስጡ ጭድ የታጨቀበት ከረጢት ወድቆ እግሬ ሥር አረፈ። ጨርቁ አለቀ። ቀና አልኩ።

በአንዱ በኩል ቀንድ የለም!

ወደ ኋላ ሸሸሁ። ካካር ጎኑን ሰጥቶኝ፣ አንገቱን አርዝሞ፣ ከፊቱ ጉቶው ላይ ባልዲው ተቀምጦ፣ አንድ ቀንዱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቆሟል። ማኅተሙ ራሱ! በሕይወት፣ እየተነፈሰ፣ ጭራውን እያወዛወዘ! በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«መጣ! ባለ አንድ ቀንዱ መጣ! ካካር ተለወጠ!»

የንጋቱ ሶላት ያበቃበት ሰዓት ነበር፤ ወንዶቹ ሁሉ ከመስጊድ እየወጡ ናቸው። በመካከላቸው እንደ ጥይት አለፍኩ። ሴቶች ከየጣራው ብቅ አሉ፣ ውሾች ተከተሉኝ፣ ኻሚሶ አንድ እግሩን ብቻ ጫማ አድርጎ ሮጠ። መንደሩን ዞሬ ስመለስ ግቢያችን መቆሚያ የለውም።

ቻቾ ባቻል ፊቱ ላይ ሳሙና እንደተቀባ ከቤት ወጣ።

«ማነው? ማነው ቀንዱን የሰበረው?»

«ሌሊት ከግቢያችን ዛፍ ጋር ሲታገል ሰማሁት» አለ ዳዶ ረጋ ብሎ። «ትናንት ትግሉን ያላየ እሱ ብቻ ነው። ቀንቶ ይሆናል።»

ሰዎች ሳቁ። ቻቾ ባቻል አልሳቀም። የመስጊዱን ሞልቪ እጅ ይዞ እየጎተተ ወደ ካካር አቀረባቸው።

«ይዩልኝ፣ ሞልቪ ሳሂብ። ጭረት ናት። ምንም አይደለም በሉ።»

ሞልቪው ሽማግሌ ነበሩ። በጣታቸው ዳበሱት። ጣታቸው ቢጫ ሆኖ ሲመለስ አሸተቱት። ቀጥለው ዳዶን አዩት፤ ፊቱን ሳይሆን የተጠቀለለውን አውራ ጣቱን። ያን ጊዜ ጣቱን ያመው ስለነበር ያዘኑለት መስሎኝ ነበር።

«ከሥሩ ነው» አሉ። «ጫፉ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ከሥሩ የሄደ ግን ለዕርድ አይሆንም።»

«ቃል ሰጥቻለሁ እኮ!»

«አንተ ቃል ሰጠህ፣ ባቻል፤ ለአላህ የሚቀርበው ግን ሙሉ ነው። ሌላ ፈልግ።»

 ሳሙናው በቻቾ ባቻል ጉንጭ ላይ ይወርዳል። ከረጢቱን አየ። በቢጫ የተቀባውን የቀንድ ጉቶ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ።

«ዘይቡ። እጅሽን አሳዪኝ።»

ፑፒ እጆቿን ሻሿ ሥር ከተተች።

«አሳዪኝ አልኩ እኮ!»

ያን ድምፅ አልወደድኩትም። ሙታኑ ያደረጉት ለፑፒ ሊቆጠር መሆኑ ደግሞ ጭራሽ አልዋጥ አለኝ። በሰዉ እግር መካከል ሾልኬ ገባሁ።

«አልተሰበረም! እኔ ነኝ የለመንኳቸው! አትሜ ቀብሬዋለሁ!»

በጥፍሬ ደፉን ቆፈርኩ። ጭቃውን አወጣሁና በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ሞልቪው አጎንብሰው አዩት። ኻሚሶ ከእጄ ነጥቆ ጭቃውን አየ፣ ካካርን አየ፣ እንደገና ጭቃውን አየ።

«ወላሂ እሱው ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሽማግሌው ዕድሜ ልኩን ለፈረንጅ ሲቸበችበው የኖረው እንስሳ በባቻል ግቢ ቆሞ ውኃ ይጠጣል!»

«እስቲ አሳየኝ!» «ገለል በል፣ ራስህ ትልቅ ነው!» «ጽዋውም አለ፣ ባልዲውን እዩት!» ሰዉ ተጋፋ። ከጣራ ላይ አንዲት አሮጊት፣ «የጉብታው ሰዎች ስንት መንደር እያለ ባቻልን መረጡት!» አሉ።

ቻቾ ባቻል ይህን ሲሰማ አንገቱ ቀና አለ። ዓይኑ ከፑፒ ሻሽ ላይ ተነሳ። ቀስ በቀስ ደረቱ ተነፋ፤ ሳሙናውን በክንዱ ጠረገ።

«እኔማ ትናንትም ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ሲሰግድ አላያችሁትም?»

በአረፋ ቀን ሁለት ሙክት አረደ። ኻሚሶ ድርሻውን ሊወስድ መጣና ካካርን ሲያይ አመሸ። ሰዉ ከሩቅ መንደር በጋሪ እየመጣ ጎረፈ፤ ቻቾ ባቻልም ለሁሉም ከፑፒ ሻይ ጋር ታሪኩን ያቀርባል። በየጊዜው ታሪኩ ሲያድግ፣ ማኅተሙን ያተምኩት እኔ መሆኔ ቀርቶ እሱ በህልሙ ታዝዞ እንዳተመው እስከ ማለት ደረሰ። ካካር አርጅቶ እስኪሞት ድረስ በእጁ የሚያጎርሰው እሱ ነበር።

ዳዶ በዚያ አረፋ ለእኔ ትንሽ ጥቁር ማኅተም ሰጠኝ። ባለ አንድ ቀንዱ ተቀርጾበታል፤ አንገቴ ላይ በክር አሠረልኝ። «ይህ ድንጋይ ለምን ጠቆረ?» ስለው፣ «ብርቅ ድንጋይ ነው» አለኝ። ቀላል ነበር፤ ክረምት ከበጋ ቀዝቅዞኝ አያውቅም። አንድ ጊዜም ግን አላተምኩበትም። ማተም ቀንድ የሚደብቅ ከሆነ ሁለተኛ ማተም ሊመልሰው ይችላል፤ ቀንዱ ከተመለሰ ደግሞ ቢላዋው ይመለሳል። ካካር ከሞተ በኋላም እጄ አልደፈረም።

ኮሌጅ የገባሁ ዓመት መምህራችን በጋለ ብረት የጥጃ ቀንድ ሲያከስሙ አሳዩን። ጭሱ አፍንጫዬ ሲገባ ክፍሉ ጠፋ፤ ያ አመሻሽ፣ ቢጫዎቹ እጆች፣ ቀዩ ጨርቅ ፊቴ ተደረደሩ። ወደ ማደሪያዬ ሮጥኩ። ማኅተሙን ከአንገቴ አውልቄ ከጠርዙ ትንሽ ፈገፈግሁና ክብሪት ጫርኩበት። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ፤ ድንጋይ እንዲያ አይሸትም።

በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ቤት ሄድኩ። ዳዶ ከሞተ ቆይቷል። ፑፒ ምድጃዋን በእርጥብ ጭቃ ትለስን ነበር። ማኅተሙን መዳፌ ላይ አድርጌ ዘረጋሁላት። አየችውና ሥራዋን ሳታቋርጥ ፈገግ አለች።

«ዘገየሽ» አለች። «የተማርሽ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«እንግዲያው እናንተ ናችሁ።»

«ጭንቅላቱን ያቀፍኩት እኔ፣ የቆረጠው ባባ። አለቀሰ፣ ታውቂያለሽ? ጣቱን የቆረጠው እንባው እያሳወረው ነው።»

«ያን ጠዋት እኔን ለምን ላክሽኝ?»

«ሌላ ማን ይጮህልን ነበር?» ሳቋ መጣ። «ባቻል ብቻውን ቢያየው ሰው ሳይሰማ ያርደው ነበር። መንደሩ መቅደም ነበረበት። ባባ፣ "ትልቅ አፍ ያላት ልጅ አላህ ለዚሁ ቀን ነው የሰጠን" አለኝ። ጭቃውን ግን እኛ አላሰብነውም። ባቻል እጅሽን አሳዪኝ ሲል ነፍሴ ወጥታ ነበር። ጭቃው ያንቺ ነው።»

 ፑፒ በክርኗ ወደ ምድጃው ጠቆመችኝ።

«በይ አትሚው። አሁን ማንም ቢላዋ አያመጣም።»

ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ምድጃው ላይ አተምኩት። ሳነሳው ካካር ወጣ፤ ያ አንገት፣ ያ ትከሻ፣ ያ አንድ ቀንድ። ከፊቱ የቆመው ነገር ግን ጽዋ አልነበረም። ያን ጥቃቅን ቅርጽ ዳዶ እጁ ደክሞ ያበላሸው ጽዋ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ጭቃው ላይ ሲወጣ ቀጭን አካል፣ ጉልበት ላይ የሚያልቅ ቀሚስ፣ ሁለት ሹሩባ ሆነ። በሹሩባዎቹ መካከል ክብ ጉድጓድ አለ፤ ወለል ብሎ የተከፈተ አፍ።

ፑፒ ጭቃ በነካው እጇ ዓይኗን እየጠረገች አጎንብሳ አየችው።

«ቁርጥ አንቺ!» አለች።